የሐጃ ሰይዳ ዓሦች ስንት ናቸው?

የካቲት 4፣ 2017፣ ገንዳ ውሃ

ዛሬ አሥር ዓሣ መዘንኩ። አማካዩ ሠላሳ አንድ ግራም። ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በአንድ ኪሎ ስኳር ሞከርኩት። ሚዛኑ ደኅና ነው።

ኩሬ ከገቡ ሦስት ወር ሊሞላቸው ጥቂት ቀን ነው የቀራቸው። ቆሮሶ የሚባለው ይህ ዓሣ በእንዲህ ያለ ሙቅ ውሃ በሦስት ወሩ ሰማንያ ዘጠና ግራም መግባት ነበረበት። የኛዎቹ ግን እንደመጡ ቀርተዋል ማለት ይቀላል።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለቢሮ መዝገብ የማይሆን ነገር ስለበዛብኝ ነው፤ እንግዲህ ከሥሩ ልጻፈው። የወረዳው የዓሣ ባለሙያ ነኝ፤ ሁለት ኩሬ ብቻ ባለበት ወረዳ፣ እሱም አንዱ ደረቅ ሆኖ። ሥራዬ አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፤ በዚህ ቆላ መቶ ካሬ ሜትር ኩሬ ውስጥ ስንት ዓሣ ቢገባ ደኅና ያድጋል? የሐጃ ሰይዳ የጓሮ ኩሬ ሁለት መቶ እንዲይዝ ታሰበ፤ ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ሁለት ማለት ነው። የሰሊጥ ገበሬው የአምባው ኩሬ ደግሞ አራት መቶ። የአምባው ተሰነጠቀና ውሃ አልይዝ አለ። የእሱ ነገር አልፏል። የቀረን የሐጃ ሰይዳ ብቻ ነው።

ሁለት መቶ ናቸው። በሩ ላይ ያቆምነው የቆርቆሮ ሰሌዳም እንዲሁ ይላል። ሁለት መቶ ዓሣ በዚያ ኩሬ እንደ ልቡ ነው የሚዋኘው።

ምግቡ ይሆናል። የሰሊጥ ፋጉሎው ቆይቷል መሰለኝ።

የካቲት 7

ሙቀት 39። ውሃው አንድ ስንዝር ወርዷል። ነጩን ሳህን በገመድ አስሬ ብሰደው ክንድ ሳይገባ ከዓይኔ ጠፋ፤ ውሃው በጣም አረንጓዴ ሆኗል። ፋጉሎ ቀየርኩ። ስብሰባ አለ፣ ልሂድ።

የካቲት 12

የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ታደገ፣ ዓሦቹ በመረብ ወጥተው አንድ በአንድ ይቆጠሩ፣ የሞተ ካለ እንወቅ አሉ። ትክክለኛ ሐሳብ ነው። እኔ ነበርኩ ቀድሜ ማሰብ የነበረብኝ።

ከሰዓት በኋላ መረቡን ተሸክሜ ሄድኩ። ሐጃ ሰይዳ ስልሳ አልፏቸዋል። ሠላሳ ዓመት መተማ ዮሐንስ ድንበሩ ሥር ሱቅ ነበራቸው፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ የሱዳን ሽቶ ይሸጡ ነበር። ማዶ ጦርነቱ ሲነሣ ንግዱ ቀጥ አለ። ሱቁን ዘጉና ሟች ባላቸው ወደ ተዉላቸው ቦታ፣ እዚህ ገንዳ ውሃ መጡ። እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ ስለማይሆንላቸው፣ ኩሬ ይቆፈርልኝ ብለው ቢሯችን ድረስ የመጡት ራሳቸው ናቸው።

መረቡን ሲያዩ የጓሮው በር ላይ ቆሙ። ልቆጥራቸው ነው አልኳቸው።

«ሕይወት ያለው ነገር አይቆጠርም ልጄ» አሉኝ። «ዓይን ይገባበታል። ልጆችሽ ስንት ናቸው ሲሉኝ እንኳ፣ አላህ የሰጠኝን ያህል ነው የምለው።»

እኛም አገር፣ ጎጃም፣ ከብት አይቆጠርም። አባቴ በረት ሲዘጋ ላሞቹን በስማቸው እየጠራ ነበር የሚያስገባው። ስለዚህ አልተከራከርኩም፤ መረቡን ጠቅልዬ ተመለስኩ። ሪፖርቱ ላይ «የኩሬው ባለቤት በአካባቢው ኋላ ቀር ልማድ ምክንያት ለቆጠራ ፈቃደኛ አልሆኑም» ብዬ ጻፍኩ።

ደስ አለኝ አልልም። ቀለል አለኝ።

የካቲት 18

ቁርስ ቤት ነኝ። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ፉል እየበሉ ያወራሉ። በዚህ ጾም ከሐጃ ኩሬ ዓሣ እንበላለን ተብሎ አልነበረም ወይ ይላል አንዱ። ሌላው፣ የትኛውን፣ ያን አንበጣ የሚያክለውን? አለው። ተሳሳቁ። እኔም ዘወር ብዬ አብሬ ሳቅሁ፤ ሥራው የኔ መሆኑን እያወቁ ነበር ያወሩት። ፉሌን ሳልጨርስ ወጣሁ።

አሥር መዘንኩ። ሠላሳ ሦስት ግራም። ሁለት ግራም በሁለት ሳምንት።

የካቲት 25

ገና ሳይነጋ ስልክ ተደወለ። ረፊቃ ናት፣ የሐጃ ሰይዳ ልጅ፤ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነች። «ቶሎ ድረስ፣ ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ላይ ላዩን ናቸው» አለች።

ስደርስ የውሃው ገጽ በሙሉ አፍ ሆኗል። ሐጃ ሰይዳ ለረመዳን ሱሑር ተነሥተው ነው ያዩአቸው። ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው እስከ ጉልበታቸው ገብተው ውሃውን በቅጠል ይመቱታል። እኔና ረፊቃ ከጉድጓዱ እየቀዳን ጀሪካኑን ከራሳችን በላይ አንሥተን አፈሰስን፤ ውሃ ከላይ ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል። ፀሐይ ወጥታ ሁለት ሰዓት ሆነ። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረዱ። እኔ ሁለት ጣሳ ውሃ ጠጣሁ። ሐጃ ሰይዳ ጾመኛ ናቸው፤ በሚንጠባጠብ እጃቸው ፊታቸውን ብቻ አበሱ።

«ቦታው ጠቧቸዋል» አሉ።

ሙቀቱ ነው አልኳቸው። ከዚያ ማስረዳት ጀመርኩ። ሌሊት አረንጓዴው ነገር አየር እንደሚጠቀም፣ ውሃ በሞቀ ቁጥር አየር የመያዝ አቅሙ እንደሚቀንስ፣ ሌላም ሌላም። ሁሉም እውነት ነው። እሳቸው ኩሬውን እያዩ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ብዙ ሳወራ ራሴን እታዘበዋለሁ።

የካቲት 30

ሰባት ሞቱ። ሐጃ ሰይዳ ሎሚው ሥር ቀበሯቸው። ረፊቃ በሩ ላይ ይዛኝ፣ እናቴ በጾም አፏ ውሃ ስትሸከም ልትወድቅብኝ ነው አለች። ከዒድ በኋላ ለውጥ ከሌለ ኩሬው ይደፈናል፤ ቦታውን ለሰሊጥ መጋዘን የሚፈልግ ነጋዴ አለ ብላለች። አልፈርድባትም።

መጋቢት 3

አቶ ታደገ ጠሩኝ። ዞን ውሳኔያችንን ይጠብቃል፤ መጋቢት 25 የዞን ባለሙያ ይዤ ኩሬውን ላይ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት መደምደሚያውን ጽፈህ አምጣ አሉኝ።

መደምደሚያው ምንድን ነው አልኳቸው። እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የተሰጣቸውን ወረቀት አንብበው ነው የሚናገሩት።

«ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ዓሣ ትንሹ ቁጥር ነው አይደል? በትንሹ ቁጥር ካላደገ በሌላው ሊያድግ አይችልም። የአምባው አራት መቶም ገና በመንገድ ሞቱ። ለቆላ አይሆንም ብለህ ዝጋው።»

ከገንዳ ውሃና ከመተማ ኩሬ ይቆፈርልን ብለው የተመዘገቡ አርባ ሴቶች አሉ። ማመልከቻቸው የኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ለእነሱም ያው መልስ ይጻፋል ማለት ነው።

እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለት ለምን እንደሚቀልለኝ አላውቅም።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ከቤት አልወጣሁም። እዚህም ካልጻፍኩት የት ልጻፈው?

ኅዳር 9 ቀን ጫጩት ዓሦቹ ከባሕር ዳር በፒክአፕ መጡ። ስድስት መቶ፣ መቶ መቶ ሆነው አየር በተሞላ ስድስት ከረጢት። መጀመሪያ አምባው ዘንድ ሄድን፤ ኩሬው ባዶ ነበር። መሬቱ ዋልካ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ እንደሚያወጣ እዚህ አገር ሕፃንም ያውቃል፤ ውሃው በሁለት ቀን ሰርጎ አልቋል። እኔ ግን «ኩሬው በአካል ታይቷል፣ ውሃ ይይዛል» ብዬ ፈርሜ ነበር። በአካል አላየሁትም። አምባው በስልክ ሞልቷል አለኝ፤ አልዋሸም፣ ያን ቀን ሞልቶ ነበር። እዚያ ድረስ በባጃጅ አቧራ መቃም አስጠልቶኝ ቢሮ ቁጭ ብዬ ፈረምኩ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሐጃ ሰይዳ ጓሮ ስንደርስ ከረጢቶቹ ለብ ብለዋል። ሁለቱን ከፍቼ ለቀቅኩ። አራቱ መኪናው ላይ ቀሩ። ሐጃ፣ እነዚያስ? አሉኝ። ለእነሱ ቦታ የለም አልኳቸው።

«ደጄ ድረስ መጥተው የት ልትወስዳቸው ነው? ይግቡ እንጂ!» አሉ፤ መንገደኛ በር ላይ የቆመ ይመስል። አንዱን ከረጢት ራሳቸው ተሸክመው ወሰዱ። እኔም ሌሎቹን አስከትዬ አፈሰስኩ። ያን ጊዜ ደግ ነገር የሠራን መስሎኝ ነበር። ምናልባትም ሠርተናል።

ጥፋቱ የነጋ ዕለት ነው። መዝገቡን ከፈትኩ። ስድስት መቶ ብዬ ብጽፍ የአምባው ኩሬ ምን ሆኖ ነው ይሉኛል፤ ፊርማዬ ይወጣል። ስለዚህ «ሐጃ ሰይዳ፣ 200» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «የአምባው ድርሻ 400፣ በመንገድ በሙቀት ሞቱ» አልኩ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። በሳምንቱ ሰሌዳውም ያንኑ ቁጥር ተቀባ።

የሚታደለው ምግብ ለሁለት መቶ የተሰፈረ ነው። ይጨመርልኝ ብል ለምን ይሉኛል። ከራሴ ፋጉሎ እየገዛሁ በጓሮ በር ማስገባት ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው። እሱም አላዋጣም። ምግብ ስጨምር የተረፈውና ኩሳቸው ውሃውን ያበላሸዋል፣ ሲነጋ አየር ያጥራቸዋል። ስቀንስ ይራባሉ። ለአንድ ካሬ ሜትር ስድስት ዓሣ፣ ውሃው በማይቀየር ኩሬ። ይህን ለሌላ ሰው ባስተምር በአምስት ደቂቃ አስረዳው ነበር።

አሁን ሁለቱ ውሸቶች ተጋግዘው ሦስተኛ ሊወልዱ ነው። አራት መቶ ዓሣ በሙቀት ሞተ፣ ሁለት መቶው አላድግ አለ፤ ስለዚህ ቆላ ለዓሣ አይሆንም። አርባ ሴቶች ይህን አምነው ይቀመጣሉ። አፍራለሁ። ሌላ ቃል የለኝም።

መጋቢት 12

ለሐጃ ልነግራቸው ብዬ በጠዋት ሄድኩ። አምባው እዚያ ነበር፤ በአህያ ጋሪ ውሃ እያመላለሰላቸው ነው። ኩሬውን አየና፣ ይኼ ነገር ያልሳሳ ሰሊጥ መሰለኝ አለ። እሱ ሃያ ዓመት ሰሊጥ ዘርቷል፤ ቡቃያው ጥቅጥቅ ሲል ግማሹ ካልተነቀለ ቁመት ብቻ ይሆናል፣ ፍሬ አይዝም። ዓሣ ሌላ ነው አልኩት። ባለሙያው አንተ ነህ ብሎ ተወው።

ከዚያ በርሜሉን እየገለበጠ፣ ወደኔ ሳያይ፣ «እነዚያን አራት መቶዎች የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አለኝ። «ኩሬዬን ደግሜ ባየው ኖሮ መኪናው ዞሮ በፀሐይ ባልተንገላታ።»

አራት ወር ሙሉ ይህን ይዞ ኖሯል። ዓሦቹ ግን በቁማቸው ፊቱ እየዋኙ ናቸው። አፌን ከፈትኩ፤ ሐጃ በዚያው ሻይ ይዘው ብቅ አሉ። ለእሳቸውም አልነገርኩም። ቀን የመረጥኩ ይመስል «ከዒድ በኋላ» ብዬ ራሴን አታለልኩ።

መጋቢት 16

አራት ሞቱ። የጓሮው በር ክፍት ስለነበር ሳላንኳኳ ገባሁ። ረፊቃ ከውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስለ ሰሌዳው ትናገራለች፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ምን ይላል፣ አንቺስ የምታውቂው ምንድን ነው ስትል ሰማሁ። ሐጃ አቋረጧት። «ኸላስ፣ በቃ። አትንገሪው። ያፍራል።»

ስለ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ሰሌዳው ላይ ስማቸው ተሳስቶ ተጽፎ ይሆናል፤ «ሠይዳ» ነው ያለው። ሳስተካክለው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መጋቢት 21፣ ዒድ

ሐጃ ጠሩኝ። ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። የእነሱን ሥጋ እኔ አልበላም፣ እሳቸውም የኛን፤ ደግሞ ጾም ላይ ነኝ። ይህን ሁሉ አስበው ለብቻ ሳህን አቀረቡልኝ፤ ከኩሬው የወጡ አራት ዓሣ፣ በዘይት የተጠበሱ። ዓሣ ማንም አያርደውም፣ የሁላችንም ነው አሉ። እያንዳንዱ ከመሐል ጣቴ ትንሽ ይረዝማል። ቢላ አልፈለገም፤ ከነአጥንቱ አኘክሁት። ጎረቤቶቹ ሳህኔን አዩ፤ ለሐጃ ካላቸው አክብሮት የተነሣ ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ስወጣ ሐጃ፣ ኩሬውን የሚያዩትን ሰዎች መቼ ነው የምታመጣቸው አሉኝ። ሐሙስ አልኳቸው። እስኪ ቤቱን ላስተካክል አሉ።

መጋቢት 24

ሁለት ሪፖርት ጽፌያለሁ። አንዱ ንጹሕ ነው፤ ቁጥሩ ከሰሌዳው ጋር ይገጥማል። ሌላው በስድስት መቶ ይጀምራል።

ሦስተኛ መንገድም አስቤ ነበር። ቢቆጥሩ እንኳ «ተዋልደው ነው» ማለት ይቻላል፤ ቆሮሶ ሲቀጭጭ ሳያድግ ይወልዳል። ከዞን የምትመጣው ባለሙያ ግን አይናለም ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ከኔ ሁለት ዓመት ትቀድም ነበር። አዲስ የተፈለፈለውንና አምስት ወር የቀጨጨውን በዓይኗ ትለየዋለች። ግን ዋናው እሱ አይደለም። ዋናው፣ ሐጃ ይቆጠሩ ካላሉ ማንም አይቆጥርም። ልማዱ ያድነኛል።

ሁለቱንም ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው ሁለቱንም የሚይዘው?

መጋቢት 25

እጄ ገና የዓሣ ሽታ አለው።

አራት ሰዓት ላይ ደረሱ፤ አቶ ታደገና አይናለም። ሐጃ ጓሮውን ጠርገዋል። አምባው ኩሬውን በውሃ መሳቢያ ጄኔሬተር እስከ ጉልበት አጉድሎታል፣ ንጹሕ ውሃ ሊገባበት ነው ብለን። አይናለም ጎንበስ ብላ ውሃውን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ በትሕትና፣ ሐጃ፣ ብንቆጥራቸው ይፈቅዱልናል? አለች።

ሐጃ ሰይዳ ወደኔ አላዩም። «ሕይወት ያለው አይቆጠርም ልጄ፣ እኛ ዘንድ ነውር ነው» አሉ። አቶ ታደገ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሪፖርቱ ላይ አለ፣ ልማድ ነው እናክብር አሉና መደምደሚያውን እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ሁለቱ ወረቀቶች ተደራርበዋል። አምባው ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጥፋተኛ ሰው እንደሚቆመው ቆሟል። ወረቀቱን አላወጣሁም።

«ሐጃ፣ ይቆጠሩ» አልኳቸው።

ተመለከቱኝ። ከዚያ «አንተ ካልክ እኔ ነኝ የምቆጥረው» አሉና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ትልቁ ሳፋ አጠገብ ተቀመጡ። አምባውና እኔ መረቡን ጎተትን። እዚያው የተፈለፈሉትን ጥቃቅኖች አይናለም ለየች፤ የቀሩትን ሐጃ አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ሳፋው ጣሉ። ስኳር ሲያራግፉ እንደለመዱት በዐረብኛ ነበር የሚቆጥሩት፤ ዋሒድ፣ ኢትኔን፣ ተላታ። እጃቸው ፈጣን ነው፣ አይሳሳትም። ረፊቃ የሞላውን ሳፋ እየተቀበለች ውሃ ወዳለበት በርሜል ትገለብጣለች።

እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በዐረብኛ አልጠሩትም። ሁላችንም በምንሰማው አማርኛ፣ «ሁለት መቶ» አሉ።

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። መረቡ ውስጥ ገና ዓሣ ይንፈራገጣል። አቶ ታደገ መረቡን አዩ፣ ሰሌዳውን አዩ። ሐጃ እየጠበቁኝ ነበር። ደክሞኛል ብለው ቢነሡ ማንም ቀጥሉ አይላቸውም። እንደዚያ እንዲነሡ የምፈልግ ከሆነ ይነሡልኝ ነበር። ገባኝ።

«ይቀጥሉ ሐጃ» አልኩ።

ሁለት መቶ አንድ አሉ።

አምስት መቶ አርባ አንድ ሆኑ። ቆጠራው አራት መቶ ላይ ሲደርስ ነበር አምባው ኩሬው ዳር ቁጭ ያለው። የቀረውን እዚያው ቆሜ ለሁሉም ተናገርኩ፤ ስለ ፊርማዬም፣ ስለ ከረጢቶቹም። አምባው ሲሰማ ጮሆ ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ኮፍያውን አጥልቆ ወደ አህያው ሄደ።

ሚያዝያ 6

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ደመወዜም ይነካል። አቶ ታደገ ደብዳቤውን ሲሰጡኝ፣ እኔን ለምን አሰደብከኝ አሉ። መደምደሚያው ግን ተቀይሯል። አይናለም ከሥሩ፣ ይህ ሙከራ ቆላ ለዓሣ እንደማይሆን አያሳይም፣ ስድስት ዓሣ ለአንድ ካሬ ሜትር እንደሚበዛ ያሳያል ብላ ጻፈች። የአርባዎቹ ማመልከቻ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ አልተዘጋም።

የአምባው ኩሬ ፕላስቲክ ተነጠፈበት። ከመፈረሜ በፊት ሄጄ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ ወርጄ ወለሉን በእጄ ዳሰስኩ። ለሦስት ቀን እየሄድኩ የውሃውን ልክ በእንጨት ለካሁ። አምባው በሦስተኛው ቀን ነው ያናገረኝ። «ዛሬም በስልክ ልንገርህ ወይ?» አለ። ከዚህ የቀለለ ቅጣት አልጠበቅኩም።

ሦስት መቶ አርባ አንዱን ወደ እሱ አዛወርን። ሁለት መቶ ሐጃ ዘንድ ቀሩ።

ሚያዝያ 30

አሥር መዘንኩ። ሰባ ስምንት ግራም። ሁለት ጊዜ መዘንኩ። ረፊቃ ስለ መጋዘኑ ማውራት ትታለች፤ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የምትሄደው ኩሬው ጋ ነው።

ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር አሁን እውነት ነው። ስማቸውን ላስተካክል ብሩሽና ቀለም ይዤ ሄጄ ነበር። ሐጃ ሳቁብኝ፤ ስሜ በምንም ፊደል ይጻፍ እኔ መች አነብበዋለሁ አሉ። ያን ጊዜ የመጋቢቱን ጭቅጭቅ አስታወስኩ። ረፊቃ ስለ ፊደል አልነበረም የምትጮኸው።

ከኅዳር ጀምሮ ያውቁ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ስድስት ከረጢት አይቻለሁ፣ አንዱን ተሸክሜያለሁ፣ ልጄ ደግሞ ሰሌዳ ታነባለች አሉ። ታዲያ ለምን አላስቆጠሩኝም አልኳቸው፤ በዚያ ቀን ሁሉም ነገር ይስተካከል ነበር፣ ጾመው ውሃ አይሸከሙም ነበር።

ፉርሽካውን በእፍኛቸው እየበተኑ ነበር። ዓሦቹ እግራቸው ሥር ተሰበሰቡ።

«ራስህ እስክትቆጥረው ብዬ ነው» አሉ።

ነውር ነው ያሉት ነገርስ፣ ሕይወት ያለው አይቆጠርም ያሉኝ?

«ሠላሳ ዓመት ድንበር ላይ ኖሬያለሁ ልጄ። ማታ ማታ ልጆቼን አንድ በአንድ ሳልቆጥር አንድም ቀን አልተኛሁም።»

ቢሮ ተመልሼ የየካቲትን ሪፖርት አወጣሁ። «በአካባቢው ኋላ ቀር ልማድ ምክንያት» የሚለውን ሰረዝኩት። ከጎኑ ምን ብዬ እንደምጽፍ እስካሁን አላገኘሁም።